ትራማዶል የለመደ ልጅ ጸበል ሲወርድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ካፕሱል የለመደ ልጃቸውን ጸበል ይዘው ለሚወርዱ የጎጃም ቤተሰቦች ይህን ብታትሙልን። ጸበሉን አንቃወምም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንዲወሰድ አስተምረዋል። የምንለምነው ካፕሱሉ በአንድ ቀን እንዳይቋረጥ ነው።

ሰውነቱ የለመደ ሰው ትራማዶል ባቆመ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ያዛጋዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይቆረጣጥመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። መድኃኒቱ ስሜትን በሚገዙ የአንጎል ቅመሞችም ላይ ስለሚሠራ አንዳንዱ ይሸበራል፣ የሌለ ነገር ያያል። ቤተሰብ ይህን ጊዜ «ለፈለፈ» ብሎ ጾሙን ያጠብቅበታል። የሚያስታውከውና የሚያስቀምጠው ሰው ሲጾም ግን የሰውነቱ ውኃ ያልቃል። የንስሐ አባቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡና ቶሎ ቶሎ ፉት ይበል።

መቀነሱ በሐኪም ክትትል፣ ከሚወስደው አንድ አሥረኛውን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ማጉደል ነው። በቀን 10 ባለ 50 ሚሊ ግራም ካፕሱል የሚወስድ (የቀን ጣሪያው 400 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል) ወደ 9 ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ 8። ከበረታበት እዚያው ይቆይ። ቤተሰብ የሚቸኩለው መጨረሻው ላይ ነው፤ 2 ሲቀረው «አሁንማ ዳነ» ይባላል። ከ2 ወደ 1 መውረድ ግን ግማሹን በአንዴ መጣል ስለሆነ ብዙው ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ካፕሱሉን እናት ትያዝ፤ ጸበል ሲወረድም የየዕለቱን ለይታ በመሐረብ ቋጥራ፣ ከስንቁ ጋር።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሳምንታት ያለ ትራማዶል የቆየ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም። በአረቄ ወይም ዳያዜፓም በሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ከተደረበ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ጎረቤት «ሱሰኛው» እያለ ሲጠራው ደግሞ ተደብቆ ይወስዳል፤ ተደብቆ የወሰደ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር የሚያይለት የለም። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እያንኮራፋ ቢጠሩት ካልሰማ፣ በጎኑ አስተኙት። ወተት አትጋቱት፣ አታስመልሱት። የወሰደውን ባዶ ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ናሎክሶን የሚባለውን ማርከሻ ለመስጠት ሐኪሙ ምን እንደወሰደ ቢያውቅ ይረዳዋል።

የመድኃኒትና የነርስ ባለሙያዎች
ከደብረ ማርቆስ