ስለ ፖምፔይ ጎዳናና ስለ ጉልበትዎ

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፤ ደሴ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎና ከእማዬ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ፣ «ለመሆኑ በዚህ ጉልበቴ ያቺን እሳተ ገሞራ የቀበራትን የጥንት የሮማውያን ከተማ፣ ፖምፔይን፣ እዞራታለሁ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ምን ችግር አለው፣ ይዞሯታል እንጂ» ብዬ በችኮላ መመለሴ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ሮም ውስጥ እንጀራዬን የማገኘው አንዲት አረጋዊት እየደገፍኩ በማራመድ ነውና፣ አንዲት እርከን ለታመመ ጉልበት ምን ማለት እንደሆነች ከማንም በፊት ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ተመልሼ ሄድኩ። የአሁኑ ጉዞዬ ግን ግድግዳና ሥዕል ለማየት ሳይሆን መሬት መሬቱን ለማየት ነበር።

ከከፋው ልጀምር። የፖምፔይ ጎዳናዎች የተነጠፉት ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ ትልልቅና ጀርባቸው የጎበጠ ሲሆን፣ ከመረገጥ ብዛት ለስልሰው ያንሸራትታሉ። የጥንት ጋሪዎች ሲመላለሱበት የቦረቦሩት የጎማ ፈለግ አንዳንድ ቦታ ላይ ጫማን ከነተረከዙ ይውጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት በሐምሌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቼ ሄጄ እግሬ እዚያው ፈለግ ውስጥ ገባና ወለም ብሎኝ ሳምንት ሙሉ ሳነክስ ሰነበትኩ። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ እማዬን ፈርቼ ነው፤ አሁንም ደብዳቤውን ሲያነቡላት እዚህ ቦታ ላይ ዝለሉት።

ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው መሻገሪያው ደግሞ ከመንገዱ ከፍ ብለው የተተከሉ ድንጋዮች ናቸው። በዚያን ዘመን በመንገዱ ላይ ጎርፍና ቆሻሻ ይወርድ ስለነበር፣ እግረኛው እግሩን ሳያረጥብ በድንጋዮቹ ላይ ይሻገራል፤ የጋሪው ጎማ ደግሞ በመካከላቸው ያልፋል። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሌላ መንገድ አለ። የቦታው ጠባቂዎች በአምፊቲያትሩ፣ ማለትም በጥንቱ የትርኢት ሜዳ፣ በኩል ካለው በር የሚነሳ፣ ደረጃ የሌለውና ለተሽከርካሪ ወንበር ጭምር የሚመች፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ደልዳላ መንገድ አበጅተዋል። እኔም አሠሪዬ በምትራመድበት ፍጥነት፣ በየመቶ እርምጃው እየቆምኩ፣ የተወሰነውን ሄድኩበት። ሁሉን ማዳረስ አያስፈልግዎትም። በሩ አጠገብ ያለው አምፊቲያትር ብቻውን ግማሽ ቀን ያስቀምጥዎታል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ገደማ የተሠራ በመሆኑ የሮሙን ኮሎሲየም በ150 ዓመት ያህል ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ59 የፖምፔይ ሰዎች ከጎረቤታቸው ከኑቼሪያ ከመጡ ተመልካቾች ጋር በድንጋይና በጩቤ የተፋለሙትና የሮም ሸንጎ ለአሥር ዓመት ትርኢት የከለከላቸው እዚሁ ነው። የኳስ ደጋፊዎች ጠብ ዛሬ የተጀመረ የሚመስላቸውን የሰፈራችንን ጎረምሶች ይህን ይንገሯቸው።

ከዚያ ቀስ ብለን ወደ አንድ ዳቦ ቤት እንዘልቃለን። ከጥቁር ድንጋይ የተጠረቡት ወፍጮዎች እስከ ዛሬ እንደቆሙ ናቸው፤ የታችኛው ሾጣጣ ሲሆን፣ እኛ መጅ በምንለው ቦታ ላይ ያለው የላይኛው አናቱና ግርጌው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን ሆኖ ተደፍቶበታል። እሱን አህያ ዙሪያውን እየዞረች ትገፋው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ከአንዱ ምድጃ 81 ዳቦ ከስሎ ተገኝቷል፤ ጋጋሪው ጋግሮ ሳያወጣው የሸሸበት ማለት ነው። ዳቦው አሁን ያለው ኔፕልስ ሙዚየም ሲሆን፣ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ክብ ሆኖ እኩል ስምንት ቦታ እንዲቆረስ አስቀድሞ የተሰመረ ነው። ከመስተዋቱ ፊት ቆሜ የእማዬ ድፎ ታወሰኝና፣ አላፍርም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከሁሉ ይልቅ ግን እንዲያዩልኝ የምፈልገው በየመንገድ ዳሩ ካሉት የውኃ ገንዳዎች አንዱን ነው። ውኃ ለመቅዳት የሚያጎነብሰው ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ እጁን የሚደገፍበት የድንጋዩ ጠርዝ፣ ከእጅ ብዛት መዳፍ በሚያህል ስፋት ጎድጉዷል። እጄን አሳረፍኩበት። ጎድጓዳው ልስልስ ያለ ነው፤ መዳፌም ያለ ትርፍ ገባበት። ሰባተኛ ክፍል ሲያስተምሩን፣ በጠመኔ ያንን እሳተ ገሞራ፣ ቬሱቪየስን፣ ሥለው፣ ሮማዊው ጸሐፊ ወጣቱ ፕሊኒ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሆኖ ተራራው ሲፈነዳ ያየውን ለታሪክ ጸሐፊው ለታሲተስ በደብዳቤ እንደጻፈለት የነገሩን ዕለት፣ እ.ኤ.አ. 79 ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበር። በዚያ ገንዳ ላይ ግን ውኃ ቀጂዋ ከእኔ በፊት ተራዋን አድርሳ የሄደች መሰለኝ።

በጀሶ የተቀረጹትን የሟቾች ምስሎች በተመለከተ ግን አልጎተጉትዎትም። ጣሊያናዊው አርኪዮሎጂስት ጁዜፔ ፊዮሬሊ እ.ኤ.አ. በ1863 አስከሬን በስብሶ በጠጠረው አመድ ውስጥ የተወውን ባዶ ቦታ ጀሶ እየሞላ ያወጣቸው እንደሆነ ራስዎ አስተምረውናል። ፊቱን በእጁ የሸፈነ ሰው እንደ ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ተጋድሞ ሰልፈኛ ስልኩን ሲያነሳበት ማየት ደስ አላለኝም፤ እርስዎ ካዩት በኋላ እንከራከርበታለን።

በወረቀት ጽፈው ከላኩልኝ ዝርዝር ውስጥ በዮርዳኖስ አገር ያለችውን ፔትራን ሰርዣለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመግቢያው እስከ ታዋቂው የአለት ሕንጻ ድረስ ብቻ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል፤ ገዳም ወደሚሉት ለመውጣት ደግሞ ከ800 በላይ ደረጃ አለ። አቴናን አልሰረዝኩም፤ ወደ ጥንታዊው ኮረብታዋ ወደ አክሮፖሊስ የሚያወጣ አሳንሰር ስለተሠራ ለሌላ ዓመት እናቆየው። ኮሎሲየምም አሳንሰር አለው።

ሮም ውስጥ ያለ ምንም ደረጃ የሚገቡበት ፓንቴዎን የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ ነው። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ቀዳዳ ያለው ከፍታና የክቡ ጣሪያ ስፋት እኩል 43 ሜትር ያህል ነው፤ ያለ አንዳች ብረት በኮንክሪት ከተሠሩት ክብ ጣሪያዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። መሐል አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ክዳን የለውም። በዝናብ ቀን ደርሼ፣ ውኃው በቀጥታ ወለሉ ላይ ወርዶ በእብነ በረዱ በተበሱት ትናንሽ ቀዳዳዎች ሲሰርግ ቁጭ ብዬ አየሁ። መቀመጫ አግዳሚዎች ስላሉት እኔ ሥራ ላይ ስውል እርስዎን እዚያ አስቀምጬ ልሄድ እችላለሁ፤ እንደማይሰለችዎት አውቃለሁ።

አንድ ቦታ ግን በዝርዝርዎ ውስጥ አልጻፉትም፤ ረስተውት እንዳልሆነ እገምታለሁ። ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የሚባለው የሮም አደባባይ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ፣ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት ለፊት ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1930 እስከ 1996 ዓ.ም. የቆመው እዚያ ነበር፤ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 የፈረመችው የሰላም ውል የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳት ነበር፤ እርስዎም ይህን «18 ወር» እያሉ ስንት ጊዜ ተቆጥተውበታል። በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ የሐውልቱ ሦስቱ ክፍሎች ተራ በተራ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ሲደርሱ ሬዲዮኑን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው ማንንም አታናግሩኝ እንዳሉ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ በአካባቢው ያሉት ሁለት የጥንት ዓምዶች የሴፕቴምበር 11ዱን የኒውዮርክ ጥቃት ለማስታወስ የቆሙ ሲሆኑ፣ ስለ ሐውልቱ የማያውቅ ሰው እዚህ ሌላ ነገር ነበር ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። ያ 24 ሜትር የነበረ ድንጋይ የሞላውን አየር መኪና እያለፈበት ነው። እኔ በሥራ መንገዴ ላይ አውቶቡሱ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ። ፍርስራሽ ለማየት ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ ምንም ነገር ባለመኖሩ ደስ ብሎኝ የቆምኩበት ቦታ ግን ይህ ብቻ ነው። እዚያ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ጉልበትዎ አይከለክልዎትም።

እንግዲህ በጥቅምት ይምጡ፤ ፀሐዩ ይበርዳል፣ ሰልፉም ይቀንሳል። የጥሪውን ደብዳቤ በዚህ ወር አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ ፓስፖርትዎ የሚያበቃበትን ቀን ግን ዛሬውኑ እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ። ተረከዙ ጠፍጣፋ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ ለማታው ጋቢዎን፣ ከዘራዎንም ይያዙ። ከዘራው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ባለፈው ዓመት ስመጣ አልቆ እንጨቱ ይታይ ነበር፤ ፒያሳ ካለው ጫማ ጠጋኝ ዘንድ ወስደው ያስቀይሩት።

ልጅዎ፣
ከሮም