ልብ የሚሸጠው የት ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ክረምት ከዋሽንግተን የመጣውን የ12 ዓመት የእህቴን ልጅ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ልብ ግዛ!» ብዬ ብቆጣው፣ «አክስቴ፣ የት ይሸጣል?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ።

ፈሊጥን ቃል በቃል የፈታ ሰው ትርጉሙ ያመልጠዋል። ያም ሆኖ ሁሉም ፈሊጥ እኩል አይከብድም። ሆድ በአማርኛ የቅሬታም የምስጢርም ማኖሪያ ነው፤ ይህን ያወቀ «ሆድ ባሰኝ»ንም «ሆደ ሰፊ»ንም ብዙ ሳይለፋ ይደርስባቸዋል። «እጅ ነሳ»ስ? ነሳ እኮ ከለከለ ማለት ነው! እጅ መንሳት ጎንበስ ብሎ አክብሮት ማሳየት፣ እጅ መስጠት ደግሞ መማረክ መሆኑን ከቃላቱ ብቻ ማን ይገምታል? ቅርጹንም መነካካት አይቻልም። «ሆደ ሰፊ» ትዕግሥተኛ ነው፤ ገልብጣችሁ «ሰፊ ሆድ» ስትሉት የሚቀረው ቦርጭ ነው።

በልጆች ገጻችሁ በየሳምንቱ አንድ ፈሊጥ ብታወጡልን ደስ ይለኛል። ፍቺው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማን ለማን እንደሚለውም ይጻፍበት። ልጁ ትርጉሙን በነገርኩት ማግስት፣ መነጽራቸው የጠፋባቸውን አያቱን «እማማ፣ ልብ ግዢ እንጂ!» ብሏቸዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ