ወጣ ያለ ሰው ያለበትን መጽሐፍ ስንመርጥ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ንባብ ክበቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን በማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። እንዲነበቡ የጠቆማችኋቸው መጻሕፍት ባለታሪኮች ሁሉም የተሳካላቸው ሰዎች ናቸው። በማለዳ ይነሳሉ፣ ያቅዳሉ፣ ያሸንፋሉ። እነሱም ይነበቡ። ሰው ተሰብስቦ በደንብ የሚከራከረው ግን ከሰው ጋር ባልገጠሙ ሰዎች ሕይወት ላይ ነው። ጎረቤት «ትንሽ ነካ ያደርገዋል» በሚለው፣ ቤተሰብ በእንግዳ ፊት ስሙን በማያነሳው ሰው ላይ።

በምሳተፍበት ክበብ መጽሐፍ የመምረጡን ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚገኙባቸውን መጻሕፍት ደጋግሜ አቅርቤያለሁ። አንዳንዶቹ እስከ እኩለ ሌሊት አነጋግረውናል። አንዳንዶቹን በሩብ ሰዓት ጨርሰናቸው ወደ ሌላ ወሬ ሄደናል። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ብዙ አስቤበታለሁ።

መጀመሪያ የማየው ተራኪው ከማን ጎን እንደቆመ ነው። ብዙ መጻሕፍት ወፈፌ ሰው የሚያስገቡት ለማሳቅ ብቻ ነው። ብቅ ይላል፣ አንድ ጉድ ይሠራል፣ ይወጣል። ስለ እሱ የምንወያይበት ነገር የለም፤ ምክንያቱም ደራሲው ራሱ ስለ ሰውዬው ምንም አልጠየቀም።

ጉዱ ካሳን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። እኛ ክበብ ውስጥ ግን ካሳ ዳምጤ የሚናገርባቸውን ክፍሎች ለይተን እንደገና አነበብናቸው። በዙሪያው ያለው ሰው እንደ እብድ ያየዋል። ንግግሩን ሰብሰብ አድርጎ ላነበበ ግን፣ ስለ ጌታና ስለ ገበሬ ከሱ በላይ የነገሩን ሥር ያየ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። በዚያ ምሽት ውይይቱ «ካሳ ጤነኛ ነው ወይ?» ብሎ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ «እብድ መባሉ የሚጠቅመው ማንን ነው?» ወደሚለው ዞረ። አንድ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ካስነሳ ለእኔ ይበቃኛል።

የስፔናዊው ደራሲ የሴርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ»ም ይህን ያደርጋል፤ ከሁለተኛው ክፍል ለጀመረው ደግሞ ይበልጥ። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1605፣ ሁለተኛው በ1615 ነው የወጣው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያው አብዛኛው አንባቢ ይስቃል። የጀግና ታሪክ አብዝቶ በማንበቡ ራሱን ፈረሰኛ ጀግና ያደረገ፣ የፀጉር አስተካካይን ሳህን የራስ ቁር ነው ብሎ የሚደፋ ሰው ነው። በሁለተኛው ክፍል ግን አንድ መስፍንና ባለቤቱ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ክፍል አንብበውታል። ሰውዬውን ቤታቸው አስገብተው፣ ብዙ አሽከር አሰልፈው፣ ለመዝናናት ብቻ ያታልሉታል። እስከዚያ ድረስ ስንስቅ የነበርን ሰዎች እዚህ ላይ ከነማን ጋር እንደምንስቅ እናያለን። ተራኪውም ቆይቶ፣ አላጋጮቹ ከሚላገጥበት ሰው ያላነሱ እብዶች መሆናቸውን ይናገራል። መጽሐፉ በጣም ረጅም ነው። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ክበብ ከሁለተኛው ክፍል 30ኛው ምዕራፍ፣ መስፍኑና ባለቤቱ ከሚገቡበት ቢጀምር ብዙ አይጎድልበትም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሙያዬ ፋርማሲ ነው። በክበባችንም ውጭም ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ባለታሪኩ ትንሽ ለየት ካለ፣ ገና ሃያ ገጽ ሳይነበብ አንዱ የበሽታ ስም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው አለቀ። ሁሉም «እንግዲህ ሕመምተኛ ነው» ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል። የእንግሊዛዊውን ሳይንቲስት የሄንሪ ካቨንዲሽን ሕይወት ባነሳን ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ካቨንዲሽ ከሰው ጋር መነጋገር እጅግ ይከብደው ነበር። የምግብ ትእዛዙን ለሠራተኞቹ በጽሑፍ ነበር የሚተወው። ሴት ሠራተኞችን ላለማግኘት ብሎ ሌላ ደረጃ አሠርቷልም ይባላል። ይኼው ሰው በ1766 ሃይድሮጅንን ራሱን የቻለ ጋዝ አድርጎ ገልጿል። በ1798 ደግሞ ቤቱ ሆኖ የመሬትን ጥግግት፣ ማለትም በመጠኗ ልክ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች፣ ለካ። ውጤቱ ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው በአንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የለካበት ሚዛን በጣም ስስ ስለነበር የሰው ትንፋሽና የሰውነት ሙቀት እንዳይነካው ከክፍሉ ውጭ ቆሞ በቴሌስኮፕ ነበር የሚያነበው። እንግዲህ ሰው ርቆ መቆም የሚወድ ሰውና ርቆ መቆም የሚጠይቅ ሥራ ተገናኙ። ይህን ማየት የምንችለው የበሽታውን ስም ለመስጠት ካልተጣደፍን ነው። ስለ ካቨንዲሽ መጽሐፍ ስመርጥ ስለ ደረጃው ስንት ገጽ፣ ስለ ሚዛኑ ስንት ገጽ እንደጻፈ አያለሁ።

ይህን ስል ሕመምን አሳምሩ ማለቴ አይደለም። ሕመም ሕመም ነው። የሚሰቃይን ሰው እንደ ደስ የሚል ጠባይ አድርጎ የሚያቀርብ መጽሐፍ ለክበብ አላመጣም። የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰውዬው ራሱ በኑሮው ምን ይሰማዋል? መጽሐፉ ይህን ከነገረኝ፣ መልሱ የሚያሳዝን ቢሆንም እንኳ፣ አመጣዋለሁ።

ሌላው ችግር ደግሞ የምንመርጣቸው ወጣ ያሉ ሰዎች በመጨረሻ ልክ ሆነው የተገኙት ብቻ መሆናቸው ነው። ፈረንሳዊው ፖስተኛ ፈርዲናንድ ሸቫል ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1879 ደብዳቤ ሲያዞር አንድ ድንጋይ አደናቀፈው። ቅርጹን ወደደው። ከዚያ እየለቀመ፣ በእጁ እየገነባ፣ 33 ዓመት ቆይቶ በ1912 አንድ ቤተ መንግሥት ጨረሰ። የመንደሩ ሰው ቂል ነው ይለው ነበር። በ1969 ሕንፃው በመንግሥት ቅርስነት ተመዘገበ። ታሪኩን እወደዋለሁ። ግን ሁሌ እንዲህ ያለውን ብቻ ካነበብን፣ ወፈፌ ሰው የሚከበረው ቅርስ ሲተው ነው ብለን እንቀራለን።

አንድ አጎት ነበረኝ። በየምሽቱ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ደመናው ምን እንደሚመስል ደብተር ላይ ይጽፋል። ሰርግ ላይ ሆኖ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ተነስቶ ይወጣል። ዘመድ ሁሉ ዞሮበታል ይል ነበር። ሲሞት ደብተሮቹ የት እንደገቡ የጠየቀ የለም። ከደብተሮቹ ውስጥ ግኝት አልወጣም፤ ማንም አልተጠቀመባቸውም። እሱ ግን ደስተኛ ሰው ነበር፤ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሰማይን እንደሱ በትኩረት ያየ የለም። ለእንደሱ ዓይነቱም መጽሐፍ ያስፈልጋል።

ለዚህ የአሜሪካዊው ደራሲ የኸርማን ሜልቪል «ባርትልቢ» አለ። በ1853 የወጣ አጭር ታሪክ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። ባርትልቢ አንድ የሕግ ባለሙያ ቢሮ ውስጥ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ በትጋት ይሠራል። አንድ ቀን አንድ ጽሑፍ አብሮ እንዲያመሳክር ሲጠየቅ፣ ባላደርገው እመርጣለሁ ይላል። አይቆጣም፣ አያብራራም። ቀስ በቀስ ሁሉንም ሥራ ይተዋል፤ ከቢሮውም አልወጣ ይላል። መጨረሻው እስር ቤት ነው፤ እዚያም ምግብ ትቶ ይሞታል። የሚወራለት ነገር አልሠራም፣ ቅርስም አልተወም። የሚተርከው አሠሪው ነው። ደግ ሰው ለመሆን ይሞክራል፣ ይሰለቻል፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል። ለአዲስ ክበብ የመጀመሪያ መጽሐፍ ምረጪ ብባል ይህን ነው የምሰጠው። ሁሉም አንባቢ አሠሪውን ይሆናልና።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠይቀው ስለ ከፋዩ ነው። የአንድ ሰው አፈንጋጭነት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያስከፍላል። ለዚህ ሁለት መጽሐፍ አጣምሬ እሰጣለሁ፤ የሩሲያዊውን ደራሲ የቶልስቶይን የሕይወት ታሪክና የባለቤቱን የሶፊያን ማስታወሻ። ቶልስቶይ በኋለኛው ዘመኑ ንብረት ኃጢአት ነው አለ፣ እንደ ገበሬ ለበሰ፣ ጫማ ራሱ ሰፋ። በ1910 በ82 ዓመቱ በሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጥቶ በአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ሞተ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ይደነቃል። ሶፊያ ግን 13 ልጆች ወልዳለች። የልቦለዱን የ«ጦርነትና ሰላም»ን ረቂቅ ደጋግማ በእጇ ገልብጣለች። የቤቱን ወጪ የምታስበው እሷ ነበረች። ማስታወሻዋን ስንከፍት ያ ሁሉ ቅድስና እራት ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚመስል እናያለን። የክበባችን አባላት በዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ ወደ ሶፊያ አደላለሁ።

ሴቶችን ካነሳሁ አይቀር ይህንም ልበል። ወንድ ከሰው ሲርቅ ፈላስፋ ይባላል። ሴት ስትርቅ ግን ማን ከድቷት ነው ተብሎ ይፈለጋል። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰን ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋለች፤ በ1886 እስክትሞት ድረስ የታተሙት ከአሥር ብዙም አይበልጡም። ቤቷን ዘግታ የሠራችው ይህን ሁሉ ሥራ ነው። ስለ እሷ መጽሐፍ ስፈልግ፣ ግጥሟን ትቶ የከዳትን ወንድ ፍለጋ የሚዞረውን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ሁለት ነገር እለምናለሁ። በመጻሕፍት ገጻችሁ ላይ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ቦታ ስጧቸው። ስለ እነሱ ስትጽፉ ደግሞ «ይገርማል» በሚለው ዓምድ አይሁን፤ ከሌላው ሰው ሕይወት ጋር አንድ ገጽ ላይ አውጡት። አንባቢዎቻችሁም ወጣ ያሉ ሴቶች የሚገኙባቸውን መጻሕፍት ቢጠቁሙን ደስ ይለኛል። ዝርዝሬ ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ክበባችንም ቀጣዩን መጽሐፍ ገና አልመረጠም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ