የደጋ አጋዘን ኮታ ከመውጣቱ በፊት ግልገሎቹ ይቆጠሩ

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ ደጋ አጋዘን ነው፤ በ10 ሳንቲማችን ላይ ስላለው። ሳንቲሙ ዛሬ ምንም አይገዛም። እንስሳው ግን ከእኛ አገር ውጭ በዱር የትም አይገኝም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አደን ይቁም ልል አይደለም። በአርሲና በባሌ ተራሮች፣ ሙነሳ ኩኬም ይሁን ኦዶ ቡሉ፣ የአደን ቀጠና መሆኑ ደኑን ከመጥረቢያ የሚከላከልለት ሰው አስገኝቶለታል። ባለገንዘቡ የውጭ አዳኝ አንድ ሽማግሌ ወንድ ገድሎ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ቢሄድ አይከፋኝም። የሚያሳስበኝ ኮታው፣ ማለትም በየዓመቱ ስንት አጋዘን ይታደን ተብሎ የሚፈቀደው ቁጥር፣ በምን ቆጠራ ላይ ቆሞ እንደሚወጣ ነው።

ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጭንቀቴ ይገባዋል። ሜዳው ለገብስና ለከብት ስለዋለ አጋዘኑ ወደ ገደሉ ተገፍቷል። ፈረስ እንኳ የሚለግምበት ቁልቁለት ነው። ጠዋት ጉም ሳይገፈፍ አንዱ ሸንተረር ላይ ተቀምጦ ማዶውን በመነጽር መፈተሽ ነው ሥራው። ለረጅም ሰዓት የሚታየው የአስታ ቁጥቋጦና የኮሶ ዛፍ ብቻ ነው። ድንገት ከአስታው ሥር አንድ ነጭ ምልክት ብቅ ይላል፤ በዓይኖቹ መሀል ያለችው ናት። ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ቀንድ። አዳኙን የሚመራው ሰው ቀንዱን አይቶ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ መለየት ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው። ሴቷ እንደ ውሻ ከጮኸች አለቀ፤ ሁሉም ሽቅብ ይጠፋሉ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ ስንት አጋዘን አለ? በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ቆሞ መቁጠር ይቻላል። ገደሉ ላይ ግን አንዱ መንጋ ከሁለት ሸንተረር ሁለት ጊዜ ሊቆጠር፣ ሌላው ጭራሽ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ተመራማሪዎችም ስለ ጠቅላላ ቁጥሩ ተስማምተው አያውቁም። አንዱ ከሁለት ሺህ በታች ሲል ሌላው ወደ አራት ሺህ ያደርሰዋል። እንዲህ በሚለያይ ግምት ላይ ኮታ ሲወጣ ቢያንስ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል።

ደግሞ የሚታደነው ወንዱ ነው፤ ስለዚህ ዓይን ሁሉ ትልቅ ቀንድ ላይ ነው። የመንጋው ዕድል የሚወሰነው ግን ግልገሏ ላይ ነው። እናቲቱ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ግልገሏ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጋ ታሳልፋለች። ጅብና ነብር የሚያገኟት ያኔ ነው። ዲንሾ የሄደ ሰው ሴቶቹ አጋዘኖች ሲመሽ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ወደ ሰው መኖሪያ ሲጠጉ አይቶ ይሆናል። ቱሪስቱ "እንዴት ለማዳ ናቸው!" ይላል። ለማዳ ሆነው አይደለም። ተመራማሪዎች ተከታትለው እንዳዩት፣ ሰው ያለበት አካባቢ ከጅብ መሸሸጊያ ሆኗቸው ነው። የአደን ቀጠናው ገደል ላይ ይህ መጠለያ የለም።

ይህን ስላልኩ ደግሞ ጅብ ይገደል የሚል እንዳይነሳ። በእኔ እምነት ጅቡን ወደ ደኑ የሚጠራው ከብቱና ጥንቡ ነው። ከከብቱ ጋር ደግሞ የእረኛው ውሻ ይገባል፤ ግልገል ያሳድዳል። በዚያ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። (ቀይ ቀበሮን ተዉት እንጂ በዚህ ጉዳይ የለበትም። ኑሮው በፍልፈልና በአይጥ ነው።)

ከአውሬ ሁሉ የከፋው ሰው መሆኑንም አልረሳሁም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላላ፤ ጋይሳይ ላይ ለዓመታት የተጠበቀው መንጋ በጥይት አለቀ ማለት ይቻላል። የተረፈው ጥቂቱ ተጠብቆ እንደገና በዛ። ስለዚህ ጥበቃ ካለ አጋዘኑ ጅብም ነብርም እያለ መብዛት ይችላል። ጅቡ የሚከብደው መንጋው ሲሳሳ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በየቀጠናው ቆጠራ ሲደረግ ከወንዶቹ ጎን ለአንድ መቶ ሴት ስንት ግልገል እንዳለ ይመዝገብ። ከወሊድ ወቅት ማግስት አንድ ጊዜ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይታይ። ልዩነቱ ስንቱ እንደጠፋ ይነግራችኋል። ግልገል በጠፋበት ቀጠና ወንዱ ቢበዛም የዚያ ዓመት ኮታ ይቀነስ፤ ካስፈለገም ይዘጋ። ቆጠራውን አደን አስጎብኚው ድርጅት ብቻውን አያካሂደው፤ እናንተም፣ ክልሉም፣ አካባቢውን የሚያውቁ ስካውቶችም (የዱር እንስሳት ጠባቂዎች) ይኑሩበት። ውጤቱ፣ አቆጣጠሩም ጭምር፣ እንደ እኔ ያለ ተራ ሰው አንብቦ በሚረዳው መንገድ ይለጠፍ።

የተገደለው ወንድ ዕድሜም ከቀንዱና ከጥርሱ ተገምቶ ከዝርዝሩ ጋር ይውጣ። ጎረምሶች እየተገደሉ ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። የአደን መሪዎቹ ይህን አይወዱትም፤ አውቃለሁ። ማዶ ሆኖ ዕድሜ መለየት ከባድ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ከከበደ ግን አለመተኮስ ይቻላል።

የሚቀጥለው ኮታ ከመጽደቁ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሌ ሮቤ