ክትባቱ የተሞከረው በአይጥ ከሆነ ርዕሱ ላይ ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ስለ ወባ ክትባት ያወጣችሁትን ዜና አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ርዕሱ ወባን ሙሉ በሙሉ የሚከላከል አዲስ ክትባት ተገኘ ይላል፣ ሰዉ ደስ ብሎት ሼር እያደረገው ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈትኩት፣ ግን እስከ ታች ወርጄ ሳነብ መጨረሻው አካባቢ አንዲት አረፍተ ነገር ላይ ሙከራው የተደረገው በአይጦች ነው ትላለች። ይሄ ነገር'ኮ ርዕሱ ላይ ነበር መሆን ያለበት።

የምሰራው ለምርምር የሚሆኑ አይጦች በሚረቡበት ቤት ውስጥ ነው፣ ኑሮዬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ ብሎክ ላይ በየአመቱ ለሰሊጥ ስራ ወደ መተማ የሚወርድ አንድ ልጅ አለ፣ ዜናችሁን ስልኩ ላይ ይዞ መጣና «እትዬ፣ ክትባቱ ወጥቷል አሉ፣ ከመሄዴ በፊት ጤና ጣቢያ ሄጄ ልወጋው?» አለኝ። አጎበሩን ዘንድሮ አልይዝም ብሎ ወስኖ ነበር። እዚህ እኛ ጋ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ከዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፣ ሲይዘው ደሞ አያያዙ ክፉ ነው። በ1958 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በሀገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይዞ 150,000 ያህል ገደለ ተብሎ የሚገመተው'ኮ አብዛኛው በደጋማና ወይና ደጋ አካባቢ በሚኖር ወባ ያልለመደው ህዝብ ላይ ስለወረደ ነው። እና ይሄን ልጅ ቁጭ አድርጌ አሁን በስራ ላይ ያሉት ሁለቱ ክትባቶች ከ5 ወር እድሜ ጀምሮ ለህፃናት የሚሰጡ እንደሆኑ፣ ለሱ እንደማይሆኑ፣ ዜናው ላይ ያለው ደግሞ ገና አይጥ ላይ እንደሆነ ነገርኩት። ፊቱ ወዲያው ተቀየረ። ስንቱ ነው ግን እንዲህ የሚያስረዳው ሰው አጠገቡ ያለው?

አይጥ ላይ ሰራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ስራውን ስለማውቀው ነው።

አይጦቹ ሰጋቱራ የተነጠፈበት ፕላስቲክ ኬጅ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ክትባቱ ይወጋሉ፣ ሳምንታት ይጠበቃል፣ ይደገማል፣ ከዛ ወባዋ ትሰጣቸዋለች፣ ወይ በትንኝ ታስነክሳቸዋለህ ወይ በመርፌ ነው። ቀጥሎ በየቀኑ የጭራቸው ጫፍ በትንሹ ይቆረጥና አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ትደረጋለች፣ በሌላ ስላይድ ጠርዝ ገፋ አድርገህ ታሳሳታለህ፣ ስትደርቅ በሜታኖል ከያዝካት በኋላ ጊምሳ የሚባል ቀለም ትቀባታለህ፣ ዘይት ጠብ አድርገህ በማይክሮስኮፕ ስታያት ቀይ የደም ሴሉ ውስጥ ወይን ጠጅ ነጥብ ያላት ትንሽ ቀለበት ከታየችህ ወባዋ ገብታለች ማለት ነው። ካልታየች፣ ነገም ካልታየች፣ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ካልታየች ክትባቱ ተከላክሏል ይባላል። ወባዋ የያዘችው አይጥ ደሞ ከሩቅ ይታወቃል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ጥግ ይይዛል፣ ስትነካው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ያሳዝናል፣ እውነቴን ነው፣ ስራዬ ነው ብዬ አላለፍኩትም እስከዛሬ።

ግን እዛ ኬጅ ውስጥ ያለችው ወባ የኛዋ ወባ አይደለችም። ሰውን የምትገድለው ፋልሲፓረም ተራ አይጥን አትይዝም፣ እዚህ የምንጠቀመው ፕላስሞዲየም በርጌይ የሚባል በ1948 ኮንጎ ካታንጋ ውስጥ በዱር አይጥ የተገኘ ሌላ ዝርያ ነው። በርጌይ አይጥ ጉበት ውስጥ የምትቆየው ሁለት ቀን ገደማ ነው፣ ፋልሲፓረም ሰው ጉበት ውስጥ ሳምንት አካባቢ ትቆያለች። አይጦቹ ራሳቸው ደሞ ወንድማማች ከመሆን አልፈው በዘር አንድ አይነት ናቸው፣ ባልብ ሲ የሚባለው ዘር በቀላሉ ይከላከላል፣ ሲ ፊፍቲ ሰቨን ብላክ ሲክስ የሚባለው ግን ያስቸግራል፣ ስለዚህ ተመራማሪው የትኛውን አይጥ እንደመረጠ ብቻ ውጤቱን ሊቀይረው ይችላል። ጋምቤላ ያለ ህፃን ግን ሌላ ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ ትንኝ የነከሰው፣ የሆድ ትል ያለበት፣ አንዳንዴም በቂ ምግብ የማያገኝ ልጅ ነው።

ይሄን የምለው የአይጥ ሙከራ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፣ እንደዛ እንዳትወስዱብኝ። እንዲያውም ያለ አይጥ ዛሬ ክትባት አይኖርም ነበር። በ1967 ሩት ኑሰንዝዋይግ የምትባል ሴት ኒውዮርክ ውስጥ ከትንኝ የወጣችውን ወባ በጨረር አዳክማ አይጥ ስትወጋ አይጦቹ በኋላ ጤነኛዋን ወባ ቢሰጣቸውም አልያዛቸውም፣ ሰውነት ወባን መከላከል እንደሚማር ያኔ ነው ጎልቶ የታየው። በ1970ዎቹ ያው ሀሳብ በፈቃደኞች ላይ ሰራ። ከዛ ወባዋን ላይ ላዩን የሸፈነው ፕሮቲን ተለየ፣ በሱ ላይ ተመስርቶ በ1980ዎቹ አርቲኤስኤስ የሚባለው ክትባት ተጀመረ፣ በ1997 የወጣው የአሜሪካ ፈቃደኞች ሙከራ ላይ ከ7 ሰው 6ቱን ወባ አልያዛቸውም፣ ከ2009 እስከ 2014 በ7 የአፍሪካ ሀገሮች ከ15,000 በላይ ህፃናት ላይ ተሞከረ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ስጡት ያለው በ2021 ነው። ከአይጧ እስከ ህፃኑ 54 አመት! ሁለተኛው ክትባት፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው አር21 ደግሞ በ2023 ተፈቀደ። አራት ዶዝ የተሰጣቸው ህፃናት ላይ አርቲኤስኤስ በአራት አመት ውስጥ የቀነሰው የወባ ህመም 36 በመቶ ያህል ነው፣ መቶ በመቶ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ይመስላል ግን ጋና ኬንያና ማላዊ በሙከራ መልክ በመደበኛው የህፃናት ክትባት ውስጥ ሲሰጥ የህፃናት ሞትን 13 በመቶ ቀንሷል፣ ያ ማለት ስንት እናት ነው።

በአንፃሩ ጦጣ ላይ ያማረው ሁሉ ሰው ላይ አልሰራም። በ1987 ኮሎምቢያዊው ማኑኤል ፓታሮዮ ኤስፒኤፍ66 የሚባል ክትባት አኦተስ በሚባሉ ጦጣዎች ላይ ሲሰራለት አለም ጉድ ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን ጋምቢያም ታይላንድም ሲሞከር ጥቅም አላሳየም። ሰውዬው አጭበርብሮ አይደለም፣ እንስሳና ሰው ስለሚለያዩ ነው። ያኔም ጋዜጦች ቢጠነቀቁ ኖሮ ሰዉ ያን ያህል አይደነግጥም ነበር።

ዜናችሁ ስር ከተጻፉት አስተያየቶች ብዙዎቹ አፍሪካውያንን አይጥ አደረጉን የሚሉ ናቸው። ንዴቱ ይገባኛል፣ ካለፈው ታሪክ የመጣ ስጋት ነው። ግን ደረጃውን ብትጽፉት ሰዉ ራሱ ያየው ነበር፣ መጀመሪያ አይጥ፣ ከዛ ጦጣ፣ ከዛ አዋቂ ፈቃደኛ፣ ልጅ መጨረሻ ላይ፣ ልጅን የሚጠብቀው'ኮ ይሄ ቅደም ተከተል ነው። ለእንስሳቱም ህግ አለ፣ ከ1959 ጀምሮ የሚታወቅ፣ እንስሳ ሳትጠቀም የምትችል ከሆነ አትጠቀም፣ ካልቻልክ ቁጥሩን ቀንስ፣ ስቃዩን አቅልል የሚል። ይሄን ማክበር የሚያናድደው ተማሪ አይቻለሁ፣ የሚያከብረው ግን ይበልጣል።

ሌላው፣ ሁለቱም ክትባቶች የተሰሩት ለፋልሲፓረም ነው። እኛ ሀገር ግን ቫይቫክስ የሚባለው የወባ አይነትም ብዙ ነው፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሳው፣ መተኛቱም ቢሆን መጀመሪያ የተረጋገጠው በጦጣ ጉበት ነው። ለሱ ክትባት እስኪመጣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይሄን ማወቅ አለበት፣ ዜናችሁ ላይ አንድ ቃል አልነበረም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የክትባት ዜና ስታወጡ በማን ላይ እንደተሞከረ፣ አይጥ ይሁን ጦጣ ይሁን ሰው፣ ርዕሱ ላይ አድርጉት፣ ሰው ከሆነም ስንት ሰው እንደሆነ። ሁለተኛ ለባለፈው ዜና እርማት አውጡ፣ ስታወጡትም በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ልቀቁት፣ እዚህ ሰፈር ጋዜጣውን የሚገዛ ጥቂት ነው፣ ሁሉም የሚያነበው እዛ ነው፣ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚሄዱት ልጆች ደሞ ሳይነሱ ቢደርስላቸው ጥሩ ነው።

አክባሪያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ