«ምንም አልሆንኩም» ላልከኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሌሊት ሥራ ገብቼ መተኛት ሲገባኝ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት፣ ባለፈው እሑድ ማታ ጭነት በትራክህ ይዘህ ከሄድክበት ከቴነሲ ደውለህ የነገርከኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። «እማዬ፣ ዛሬ በርገርና ድንች በላሁ፣ ሚልክሼክም ጠጣሁ፤ ግን ምንም አልሆንኩም» አልከኝ። የፈራው ሳይደርስበት የቀረ ሰው እፎይታ በድምፅህ ውስጥ ስለ ነበር፣ ያን እፎይታ በስልክ ልነጥቅህ አልፈለግሁም፤ «እንኳን ደህና ሆንክ» ብዬ ዘጋሁት። አሁን ግን በግልጽ ልንገርህ፤ ያስጨነቀኝ መብላትህ አይደለም፣ «ምንም አልሆንኩም» ማለትህ ነው።

እናትና ልጅ ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና አደረጉ ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ያደረግን ይመስለዋል፤ ለአንተም ሳይመስልህ አልቀረም። እኔ እ.ኤ.አ. በ2018 ያደረግሁት ባይፓስ የሚባለው ነው። ከጨጓራዬ የላይኛው ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለየችና ትንሹ አንጀት ወደ እርስዋ ተስቦ ተሰፋ፤ ጨጓራ ምግብን ካሸ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅበት በር በእኔ ዘንድ ከመንገዱ ወጥቷል። ስለዚህ ስኳርና ቅባት የበዛበት ነገር ከበላሁ በአንድ ጊዜ አንጀቴ ላይ ይወርዳል። ያንተ ደግሞ ስሊቭ ነው፤ ከጨጓራህ ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ወጥቶ ሙዝ የሚመስል ቱቦ ቀረልህ፣ በሩ ግን በቦታው አለ። የእኔ አካል ወዲያው የሚቀጣኝን ነገር ያንተ አካል ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ወር የደረሰብኝን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሁለት አቅመ ደካማ አዛውንቶችን ሳገላብጥ አድሬ ስወጣ፣ እግሬ ዝሎ፣ ዓይኔ ተጨናብሶ ወደ ቤት ስነዳ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው የፈጣን ምግብ ቤት የድንች ጥብስ ሽታ መጣብኝና መኪናዬን፣ ሳይወረድ ወደሚታዘዝበት መስኮት አዞርኩ። ድንችና ትንሹን የቫኒላ ሚልክሼክ ገዛሁ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ከቤታችን ሁለት መንገድ ርቄ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ አቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ በላሁ። ድንቹ ገና ትኩስ ነበር፤ ጣቴ ላይ የቀረውን ጨው ሳይቀር ላስኩት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ ይደልቅ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሆዴ ተላወሰ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሜ የምሞት መሰለኝ። ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል፤ ስኳሩና ቅባቱ ሳይዘጋጅ አንጀት ውስጥ ሲፈስ የሚመጣ ነው። ተነሥቼ መንዳት እስክችል አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያም የወረቀቱን ከረጢት ደረሰኙን ከውስጥ አድርጌ፣ እየደጋገምኩ አጣጥፌ፣ የሌላ ሕንፃ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። አንተ በሩን ከፍተህ «እማዬ፣ ምነው ፊትሽ ነጣ?» ስትለኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ ዋሸሁህ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚልክሼክ አልነካሁም፤ ይህን ግን የጥንካሬ ውጤት አድርገህ አትቁጠርልኝ፣ የጠበቀኝ ፍርሃት ነው። አንተ እንዲህ ያለ ዘበኛ የለህም። እሑድ በላህ፣ ምንም አልሆንክም፤ ረቡዕም ብትበላ ምንም ላትሆን ትችላለህ። የሚሆነው ነገር ከዓመት፣ ከዓመት ተኩል በኋላ ነው ሚዛኑ ላይ ቀስ ብሎ መታየት የሚጀምረው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የትኛው ምግብ፣ የትኛው ቀን እንዳመጣው ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ሰውነትህ የማይሰጥህን ማስጠንቀቂያ አንተው ለራስህ አስቀድመህ ማዘጋጀት አለብህ ማለቴ ነው።

ርሃብ የሚያሰማው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከተቆረጠልህ የጨጓራ ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ሰዓት አይቼ ነው የምበላው፣ ምግብ ትዝም አይለኝ» ያልከኝ ለዚህ ነው። አሁን ስምንተኛ ወርህን ይዘሃል፤ ርሃቡ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ሲመለስም ቀዶ ሕክምናው ከሸፈ ብለህ አትደንግጥ። አምሮት ግን ከጨጓራ የሚመነጭ አይደለምና ማንም ሐኪም አልቆረጠልህም። ቋንቋችን ራበኝንና አማረኝን መለየቱ ለእኔ ብዙ ጠቅሞኛል። የራበው ሰው ምስር ወጥ ቢቀርብለት ይበላል፤ ያማረው ሰው ግን ያንኑ ድንች፣ ከዚያው ቤት፣ በዚያው ካርቶን ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በትራኩ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን የተቀቀለ እንቁላል በዓይነ ልቡናህ አምጣና ራስህን ጠይቅ፤ «እሱንም እበላለሁ» ካልክ ርቦሃልና ብላ። «እሱን እንኳ አልፈልግም» ካልክ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው። የደወልክልኝን ቀኖች መለስ ብዬ ሳስብ፣ በላሁ ያልከኝ ሁልጊዜ ጭነት አራግፈህ፣ የሚቀጥለውን ጭነት ለብቻህ እየጠበቅህ፣ ከማንም ጋር ሳታወራ በዋልክበት ቀን ነው። ይህን ልብ ብለኸው ይሆን?

«ሆዴ ስለ ጠበበ ብዙ መብላት አልችልም» የምትለውም ለሥጋና ለእንቁላል እውነት ነው፤ ለድንች ጥብስ፣ ለቺፕስ፣ ለአይስክሬም ግን አይደለም። እነዚህ አፍ ውስጥ ሟሙተው በዚያ ቱቦ ውስጥ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ፤ አንድ እንቁላል የሚያጠግበው ሰው በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ ትልቁን ካርቶን ሊጨርስ ይችላል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ የበላኸው ቶሎ ይታጠብና እንደገና ቦታ ይገኛል፤ ምግብ በልተህ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጣ የተባልከው ለዚህ ጭምር ነው። ኮካ ኮላውማ ጋዙ ቱቦውን መንፋቱ ሳያንስ፣ አንዷ የ355 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ 39 ግራም ስኳር ይዛለች። እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር፤ ባለፈው ወር የላክሁልህ ዳቦ ቆሎ ከዚሁ ወገን ነው። መሪው አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይቆረጠማል እንጂ አያጠግብም። ለጓደኞችህ አካፍለው፤ ሁለተኛ አልልክልህም።

በርገር ከእንግዲህ በሕይወትህ የለም ብዬ አላስምልህም። ኑሮህ መንገድ ላይ ነው፣ ማታ ክፍት ሆኖ የምታገኘውም እነሱኑ ነው፤ «ዳግመኛ አልቀምስም» ብሎ የማለ ሰው አንድ ቀን ሲቀምስ፣ መሐላው አንዴ ፈረሰ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲበላ አይቻለሁ። ይልቅስ ትራክህ በመስኮቱ መንገድ የማያልፍ መሆኑን ተጠቀምበት። አቁመህ፣ ወርደህ፣ በእግርህ መግባት ግድህ ስለሆነ፣ ምን እንደምታዝ ሞተሩን አጥፍተህ እዚያው ወንበርህ ላይ ሳለህ ወስን። ሽታው ውስጥ ከገባህ፣ ፎቶውም ፊትህ ከተደቀነ በኋላ የምትወስነው ውሳኔ የአንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች የየምግቡን ካሎሪ ሰሌዳቸው ላይ መጻፍ ግዴታቸው ሆኗል። አንተ በቅድሚያ የምትፈልገውን የፕሮቲን መጠን ግን ሰሌዳው አያሳይህም፤ ስትጠይቅ ዝርዝሩን በጽሑፍ ሊያሳዩህ ይገባል፣ በስልክህም ታገኘዋለህ።

በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንድታገኝ የታዘዝከውን ይዘህ ስታይ፣ ከነዚሁ ቤቶችም የሚጠቅም አይጠፋም። የቺክ ፊሌ በዘይት ሳይጠበስ በግሪል የበሰለው የዶሮ ቁራጭ፣ ስምንቱ ፍሬ 130 ካሎሪ ያህል ሆኖ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ እሑድ ግን ዝግ ናቸው። የዶሮ ሥጋ ስለሚደርቅ ባቄላ ፍሬ አሳክለህ ቆርጠህ፣ እንደ ገንፎ እስኪልም አላምጠው፤ ተቻኩለህ ከዋጥከው ደረትህ ላይ ይቆምና ለሃጭህን ሲያዝረበርብህ ያመሻል። የዌንዲስ ቺሊ ደግሞ የተፈጨ ሥጋና ባቄላ ያለበት፣ በማንኪያ የሚበላ ነው፤ ትንሹን አስቀድተህ ካንተ ዘንድ ከማትጠፋው ሚጥሚጣ ቁንጥር አድርግበት፣ ከወጥ ብዙ አይርቅብህም። በርገር ካማረህ አንዱን ሥጋ ብቻ ያለውን እዘዝና ዳቦውን እዚያው ትተህ ሥጋውን በሹካ ብላ፤ ለስላሳ ዳቦ ሲታኘክ ሊጥ ሆኖ ቱቦው ውስጥ ይለጠፋልና። ሕጉ ከ8 ሰዓት መንዳት በኋላ የሚያስገድድህን የ30 ደቂቃ ዕረፍት ለዚሁ አውለው፤ ስልክህን አስቀምጠህ ብላ። በልተህም ወዲያው ኋላ ካለው አልጋ ላይ አትጋደም። ስሊቭ ያደረገ ሰው ቃር ያስቸግረዋል፣ ቅባት በልቶ ሲተኛማ ይብስበታል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። ረቡዕና ዓርብ «ሌላ የጾም ነገር የለም» እያልክ የድንች ጥብስ ብቻ በልተህ እንደምትውል አውቃለሁ። እኛ አሜሪካ ያለን ሰዎች ሁሉ ይህን አድርገናል። ሆኖም ድንች የሚፈለገውን ፕሮቲን አይሰጥህም፤ ጾምም ከሆነ፣ የማክዶናልድስ ድንች በዚህ አገር ከስንዴና ከወተት የተገኘ የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ እንዳለበት ኩባንያው ራሱ በዝርዝሩ ያስቀምጣል። የንስሐ አባትህን አነጋግር፤ እኔ ስነግራቸው ስለ ሕመሜ አዝነው የሚያሳርፈኝን ነገሩኝ። ጾሙን ከያዝክም ምስሩ አለልህ፤ እንጀራውን ትተህ በማንኪያ ብላው።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን መሪ ላይ ሳለህ ነው። ጣፋጭ ነገር፣ በተለይ የሚጠጣው፣ ከተወሰደ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደም ያለው ስኳር አብዝቶ ሊወርድ ይችላል፤ በእኔ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ላይ ይበዛል እንጂ ስሊቭ ያደረገውንም አይምርም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ያደክማል፣ ሐሳብ ይበተናል፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው ይመስለዋል። እሑድ ሚልክሼኩን ጠጥተህ እንደገና መንገድ መግባትህን ስትነግረኝ ጉልበቴ ነው የከዳኝ። እንዲህ ያለ ስሜት ከተሰማህ ዳር ይዘህ ቁም፣ ለሐኪምህም ሳትውል ሳታድር ንገር።

ልጄ፣ በበላህ ቁጥር አልቆጣህም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «ምነው ከሳህ፣ ታመህ ነው?» የሚሉህ፣ ድግስ ላይ «በሞቴ!» እያሉ የሚያጎርሱህ ሰዎች አንተን መውደዳቸው ነው፤ ይሁንና በዚያ መካከል ሆኖ «አማረኝ» ብሎ እውነቱን የሚናገሩለት ሰው ማጣት ከባድ መሆኑን እኔ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቆሜ አይቼዋለሁ። እሑድ የደወልከው በልተህ ከጨረስክ በኋላ ነው፤ ከመግባትህ በፊት ደውልልኝ። ሌሊት ከሆነ ሥራ ላይ ነኝና ነቅቼ ነው የምታገኘኝ፤ አልከለክልህም፣ ምን ልታዝ እንዳሰብክ ብቻ ትነግረኛለህ።

በመጪው ሐሙስ በአይ 81 አውራ ጎዳና ወደ ፔንሲልቬንያ እንደምትወጣ ነግረኸኛል። ሄገርስታውን ያለው የትራክ ማቆሚያ ድረስ እመጣለሁ። ምስር ወጥና በደንብ የደቀቀ ምንቸት አብሽ በየግማሽ ኩባያው አድርጌ አቀዝቅዤልሃለሁ፤ አሥራ ሁለት ዕቃ ነው። ፍሪጅህን ባዶ አድርገህ ጠብቀኝ፤ የምትደርስበትንም ሰዓት ረቡዕ ማታ ንገረኝ።

የምትወድህ እናትህ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ