ስኳር ከሚፈላበት ምድጃ ልጆቹን አርቂ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የድሬዳዋ ሙቀትም ሰሞኑን ትንሽ ቀለል ብሎልናል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድምሽ በስልክ የነገረኝን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለፈረንጆቹ ገና ፋጅ የሚሉትን የቸኮሌት ጣፋጭ ልትሠሪ ስኳርና ወተት ምድጃ ላይ ጥደሽ፣ ማሙሽ ወንበር ላይ ቆሞ ድስቱን ቁልቁል ሲመለከት፣ የፈላው ተፈናጥሮ የእጅሽን አንጓ አቃጠለሽ አሉ። አንቺ እሑድ ስትደውዪ ስለ ሥራሽና ስለ ብርዱ አወራሽኝ እንጂ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላልሽም። አባቴ ይጨነቃል ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን እጥፍ የምጨነቀው አንቺ ደብቀሽኝ ከሌላ ሰው ስሰማ ነው፤ ይህን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂያለሽ።

ከሁሉ በፊት ይህችን ቃል ያዢልኝ፦ ስኳር የሚፈላበት ምድጃ አጠገብ ልጅ አይቆምም።

ቁስሉን አሁን ምን እየቀባሽው ነው? የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ማር የሚሉሽን አትስሚ። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ወዲያውኑ እጅን ቧንቧ ሥር ማስገባት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይፍሰስበት። በረዶ አይደረግበትም። ቀለበትና ሰዓት እጁ ሳያብጥ ይውለቅ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪው። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ነገ ከነገ ወዲያ አትበዪ።

ሰው የፈላ ስኳርን ከፈላ ውሃ እኩል ያየዋል። እኩል አይደለም። ውሃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ቆዳ ላይ ቢያርፍም ፈስሶ ይወርዳል። ፋጅ በድሮው አሠራር እንዲረጋ ግን ስኳሩ ከ112 እስከ 116 ዲግሪ መድረስ አለበት። ያ ነገር ቆዳ ላይ ካረፈ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ሙቀቱን እንደያዘ እዚያው ይቆያል። ልጥረገው ሲሉት ቆዳውን ይዞ ይነሣል። ይህን የምነግርሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

የአጎትሽን ቀኝ እጅ ታውቂዋለሽ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው የቀሩት በ1969 ዓ.ም. ጦርነት ነው ሲባል ሰምተሽ አድገሻል። ሰው እንዲያ ሲል እሱ ዝም ይላል፤ እኛም ዝም እንላለን። ጦርነት አልነበረም፤ ሐልዋ ነው። ይህን እንድጽፍልሽ ትናንት ፈቃዱን ጠይቄው «ንገራት፤ ለልጆቿ የሚበጅ ከሆነ ምን ገዶኝ» ብሎኛል።

እኔ የ12፣ እሱ የ9 ዓመት ልጆች ሳለን፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ሐልዋ ሠሪ ዘንድ ከትምህርት ቤት መልስ እየሄድን እንላላክ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ዒድ ሲቃረብ ሥራው ስለሚበዛ፣ ቀን ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት እሳት አጠገብ መቆም ስለማይቻል፣ ሌሊት ነበር የሚሠራው። ስኳሩ፣ ስታርቹ፣ ዘይቱና ሄሉ በአንድ ትልቅ ድስት ውስጥ ይገባል። ማማሰያው የእኛን ቁመት ያክላል። መጀመሪያ ላይ ድስቱ ፈጠን ፈጠን እያለ ይንተከተካል። እየወፈረ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፤ አረፋው ይከብድና አልፎ አልፎ ብቻ «ቧ» እያለ ይፈነዳል፤ ዘይቱም በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ተለይቶ ማብረቅረቅ ይጀምራል። ደርሷል ማለት ያኔ ነው። ወንድሜ ይህችን ሰዓት ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃት ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ እንኳ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ደረሰ» ሲል ሰውየው ያምነው ነበር። እንዲህ ያለ ጆሮ የተሰጠው ልጅ ነበር።

ቁመቱ ስለማያደርሰው የጣውላ ሳጥን ላይ ነበር የሚቆመው። ማሙሽ ወንበር ላይ ቆሞ ነበር ሲሉኝ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ አሁን ይገባሻል። በዚያች ሌሊት ሰውየው ውፍረቱን ለማየት ማማሰያውን ከፍ ሲያደርግ፣ ከጫፉ አንድ ጉማጅ ወርዶ ወንድሜ እጅ ላይ ዐረፈ። በሌላው እጁ ሊያስለቅቀው ሞከረ፤ ያኛውም ተያዘ። ሰዉ ተሰበሰበ። አንዱ ቅቤ አምጡ አለ፣ አንዱ የተፈጨ ቡና አለ፣ አንዱ ዱቄት ነሰነሰበት። በሩ ሥር እንስራ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን ያ እንስራ ከዓይኔ አልጠፋም። ውሃው እዚያው ነበር፤ ወደ ውሃው ውሰዱት የሚል ሰው ግን አልነበረም።

ካደግን በኋላ እኔ የተቀጠርኩበት ወርክሾፕ እሱን እጁን አይቶ መለሰው። ከሁለታችን ለእጅ ሥራ የተፈጠረው ግን እሱ ነበር። ሞተር ሲበላሽ አጠገቡ ቆሞ በማዳመጥ ብቻ የት እንደታመመ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም በማግሥቱ ሄጄ እሱ የነገረኝን እየሠራሁ ምስጋናውን እቀበል ነበር። እናንተን ያስተማርኩበት ደመወዝ ግማሹ የእሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለእሱ በቃሌ ተናግሬው አላውቅም። ልናገር ብዬ ስነሣ ሁልጊዜ ሌላ ወሬ ይመጣል፤ እሱም ወሬ ማስቀየር ይችልበታል። አሁን በደብዳቤ ለአንቺ ነገርኩሽ፤ እንግዲህ ለእሱም መንገር አይቀርልኝም።

ይኸውልሽ፣ ስለ ፋጅ ልጽፍ ተነሥቼ የት ደረስኩ። ስኳር የሚፈላበት ምድጃ አጠገብ ልጅ አይቆምም። ወንበር ላይም፣ በእቅፍም፣ «እያየሁት ነው» ተብሎም አይቆምም።

ልጆቹን ከወጥ ቤት አባርሪ ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም አብረውሽ ይሥሩ። ልጅ የሠራውን ሲያበላ ያለው ደስታ ሌላ ነው። የሚፈላ ስኳር የሌለበትን አሠራር ምረጪ ነው የምልሽ። አሠራሩ በኮንደንስድ ሚልክ ነው፤ ያ በጣሳ የሚሸጠው ወፍራም ጣፋጭ ወተት። ወተቱ ከፋብሪካው ሲወጣ ውሃው ተንኖለት፣ ስኳሩ ሟሙቶ፣ እሳቱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። የመወፈሩን ሥራ ሌላ ሰው አስቀድሞ ሠርቶልሻል። ለአንቺ የቀረሽ ቸኮሌቱን ማቅለጥ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ለብ ያለ ሙቀት ይበቃል። እኔና የጎረቤት ልጆች በረንዳ ላይ ሠርተነው ጥሩ ሆኖ ወጥቷል።

ልኩን ጻፊ። አንድ ጣሳ፣ 397 ግራም የሚለው። ጠብታ የሚያካክሉት የቸኮሌት ፍሬዎች 3 ኩባያ፣ 500 ግራም ያህል። እናንተ ዘንድ ከረጢቱ 340 ግራም ስለሆነ አንድ ተኩል ከረጢት መሆኑ ነው። ቁንጥር ጨው። ቫኒላ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል፤ በቫኒላው ፋንታ እናትሽ የላከችልሽን ሄል ወቅጠሽ ትንሽ ብትነሰንሺበት እኔ እመርጣለሁ፤ ቤቱን መጋላ መጋላ ያሸተዋል። ጣሳውን ስትገዢ ልጣፉን አንብቢ። ከጎኑ የሚደረደር ስኳር የሌለበት ቀጭን የጣሳ ወተት አለ፤ እሱን ካመጣሽ ፋጁ አይረጋልሽም። ደግሞም ጣሳውን ሳይከፍቱ ውሃ ውስጥ የሚቀቅሉ ሰዎች አሉ፤ ውሃው ቢያልቅ ይፈነዳል፤ በአንቺ ቤት አይደረግ።

ሥራውን አከፋፍያቸው። ሚሚ ታንብብ፣ ትስፈር፤ 9 ዓመት ለሚዛን ይበቃል። ማሙሽ 20 ሴንቲሜትር በሆነችው አራት ማዕዘን ትሪ ላይ የኬክ ወረቀቱን ያንጥፍ። ወረቀቱ በሁለት በኩል ከጠርዙ ተርፎ ይውጣ፤ ኋላ ጎትታችሁ የምታወጡት በእሱ ነው። ከዚያ ወተቱና ቸኮሌቱ በደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ገብቶ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ፤ አውጥቶ ማማሰል፤ ካልቀለጠ 30 ሴኮንድ እየጨመሩ ማማሰል ነው። ሳህኑን የምታስገቢውም የምታወጪውም አንቺ ነሽ። ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን ለብ አድርጎ ሌላውን ሊያንገበግብ ይችላል፤ መሐሉን እስክታማስዪው ድረስ ማንም ጣቱን አይስደድ። ሳህኑም ማማሰያውም ደረቅ ይሁን። ቸኮሌት ሲቀልጥ ጠብታ ውሃ ከገባበት ተኮማትሮ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው በደንብ ያድርቁ የምለው ለዚህ ነው።

ማማሰሉን ለሚሚ ስጫት። መጀመሪያ ወተቱና ቸኮሌቱ ዝንጉርጉር ሆነው ይቆያሉ፤ ክንዷ እስኪዝል ስታማስል በአንድ ጊዜ ይዋሃድና ያብረቀርቃል፤ ከሳህኑ ግድግዳም መላቀቅ ይጀምራል። ያኔ ትሪው ላይ ይገልበጥ። ማሙሽ በማንኪያ ጀርባ ይደልድል፤ ወጣ ገባ ቢሆን አትነካኪበት። ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት፤ ቢያድር ይሻላል። ስትቆርጪው ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ነክረሽ አድርቀሽ ነው። በትንንሹ ቁረጪ፤ በ8 ረድፍ 8 ቢሆን 64 ይወጣዋል። የጣሳው ወተት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ስኳር ነው፤ የማሙሽ ጥርስ ባለፈው ክረምት ምን እንዳደረገን አትርሺ።

ለውዝ ልጨምርበት ካልሽ ለማሙሽ ሙሉውን እንዳትሰጪው፤ የ4 ዓመት ልጅ ያንቀዋል። ወደ ትምህርት ቤት ከላክሽም መምህሯን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ለውዝ የሚጎዳቸው ልጆች ይኖራሉ።

ሌላው ጾሙ ነው። የፈረንጆቹ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 16 ነው፤ እኛ ገና በነቢያት ጾም ውስጥ ነን። ሚሚ ዘንድሮ ከአንቺ ጋር እየጾመች ነው። ወተትና ቸኮሌት ሲያማስሉ ውሎ ማንኪያ አትላሺ ማለት ለልጅ ፈተና ነው፤ እንዲህ አትፈትኛት። በኮኮናት ወተት የተሠራ ተመሳሳይ ጣሳ እዚያ ይሸጣል አሉ፤ እሱንና ወተት የሌለበትን ጥቁር ቸኮሌት ግዢ። ጥቁር ሁሉ የጾም አይደለም፤ ጀርባውን አንብቢ። ለመምህራኑና ለጎረቤቶቻችሁ የምትሰጡት በዚህ ይሁን። የወተቱን ለታኅሣሥ 29 አቆዪው፤ ከዶሮው በኋላ ከቡና ጋር ይቀርባል።

ሚሚ ባለፈው ጊዜ ለትምህርት ቤቷ ያነበበችውን ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በ1888 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤምሊን ሃርትሪጅ የምትባል የአሜሪካው ቫሳር ኮሌጅ ተማሪ ይህን ጣፋጭ ለተማሪዎች ጨረታ 30 ፓውንድ፣ 13 ኪሎ ተኩል ያህል፣ እንደሠራች፤ አሠራሩንም ያገኘችው ከባልቲሞር ከተማ እንደሆነ ነገረችኝ። ባልቲሞር ከእናንተ ቤት ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን ውሰጃት። እነዚያ ግን የደረሱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ስኳር ቢያፈሉም ቁመታቸው ከድስቱ በላይ ነው። የድሮውን አሠራር ከወደድሽው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብቻሽን ሥሪው፤ የድስቱ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፤ እጅጌሽ ረጅም ይሁን። ልጆቹ ነቅተው ሳሉ ግን፣ ለመጨረሻ ጊዜ እላለሁ፣ ስኳር የሚፈላበት ምድጃ አጠገብ ልጅ አይቆምም።

የምትሠሩት ቅዳሜ ከሆነ በእናንተ እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በቪዲዮ ደውዪልን። አጎትሽ እኛ ዘንድ ያመሻል። ለሚሚ መቼ እንደደረሰ እኔ እነግራታለሁ ብሏል። ስለ እጁ ማወቅሽን አትደብቂው፤ ብትጠይቂውም ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

ፋጁን በመንገደኛ እንዳትልኪልን፤ ድሬዳዋ ሳይደርስ ሾርባ ይሆናል። ይልቅስ የኬክ ወረቀት አንድ ጥቅል ላኪልኝ፤ እዚህ ያገኘሁት ከፋጁ ጋር እየተጣበቀ አስቸግሮኛል። የእናትሽን የደም ግፊት መለኪያ ባትሪም እንዳትረሺ። ባለቤትሽን፣ ሚሚንና ማሙሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ